የሴቶች ብሔራዊ የእጅ ኳስ ቡድን መዝገብ ከየት ይጀምራል?

(ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ለስፖርት ባለሙያዎች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)



ስለ አንድ ብሔራዊ ቡድን የውድድር ታሪክ ሲነገር ቶሎ ከጆሮ የሚገባው የዋንጫና የሜዳሊያ ቍጥር ነው። ቍጥሩ ግን እንደ መኸር ነው። የጎረቤቱን ሙሉ አውድማ አይቶ ስለ ዘሩ፣ ስለ እርሻውና ስለ አረሙ የማይጠይቅ ገበሬ አይገኝም። በስፖርት ረገድ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያሸነፈው «ተሰጥኦ ያለው»፣ የተሸነፈው ደግሞ «ዕድል የጐደለው» ተብሎ ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ያንን የተዘነጋ ጥያቄ ማንሣት ነው። ምሳሌው የሴቶች የእጅ ኳስ ነው፤ በተለይም በአፍሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች መካከል አንጎላ፣ ኮንጎና ቱኒዚያ ያስመዘገቡት ውጤት ነው። የጥያቄው መድረሻ ግን ሉዋንዳ ወይም ቱኒስ ሳይሆን ወልቂጤና ቡታጅራ ነው። በነዚህ ሁለት ከተሞች ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ዳር ቆመው የወንዶችን ጨዋታ የሚመለከቱ ልጃገረዶች አሉ፤ የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው በነርሱ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መግለጽ ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የእጅ ኳስ ሜዳ 40 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ወርድ አለው። ጎሉ 3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ነው። በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ ሰባት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘች ተጫዋች ኳሱን ሳታነጥር ከሦስት እርምጃ በላይ ልትሄድ፣ ከሦስት ሴኮንድ በላይም ይዛው ልትቆም አይፈቀድላትም። ከጎሉ ፊት በ6 ሜትር ርቀት ላይ በተሰመረው ቅስት ውስጥ መቆም የሚችለው ግብ ጠባቂ ብቻ ነው። ጨዋታው በሁለት የ30 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ይፈጸማል። እነዚህ ሕጎች ቀላል ቢመስሉም የጨዋታውን ጠባይ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ሦስት እርምጃና ሦስት ሴኮንድ ብቻ የተፈቀደላት ተጫዋች ኳሱን ለብቻዋ ልታደርገው የምትችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ወዲያው ለጓደኛዋ ማቀበል ግዴታዋ ነው። ስለዚህ የእጅ ኳስ ከባሕርዩ የኅብረት ጨዋታ ነው፤ አንዲት ጎበዝ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም።

የጨዋታው ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጉባኤ ልዩ ትርጕም ያለው ነገር ይዟል። በሰሜን አውሮፓ በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ ጨዋታዎች ቢኖሩም፣ በ1917 ኦክቶበር 29 ቀን በበርሊን ማክስ ሃይዘር የተባለ ጀርመናዊ «እጅ ኳስ» በሚለው ስም ሕግ ያወጣለት ጨዋታ ለሴቶች የታሰበ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1919 ካርል ሼለንስ የተባለው የስፖርት መምህር ሕጉን አሻሽሎ የወንዶችም ጨዋታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ወንዶች በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ በሣር ሜዳ፣ በ1972 በሙኒክ ደግሞ በአዳራሽ ሲወዳደሩ፣ ሴቶቹ ወደ ኦሊምፒክ የገቡት በ1976 በሞንትሪያል ነው። ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የወርቅ፣ ምሥራቅ ጀርመን የብር፣ ሀንጋሪ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ። በአዳራሽ የሚደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮናም የተጀመረው በ1957 በዩጎዝላቪያ ሲሆን የመጀመሪያዋ ባለ ድል ቼኮዝሎቫኪያ ነበረች። ለሴቶች ተብሎ የተወጠነ ጨዋታ ሴቶቹን በኦሊምፒክ መድረክ ለማየት ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀበት ማለት ነው። «ኳስ የወንድ ነው» የሚለው አባባል በየትም አገር ቢሰማ፣ ቢያንስ ለእጅ ኳስ ታሪኩ እንደማይደግፈው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ አፍሪካ እንመለስ። የአህጉሪቱ የእጅ ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1973 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮናም በ1974 በቱኒዚያ ተደረገ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 2024 ድረስ ሴቶች 26 ጊዜ ተወዳድረዋል። ከ26ቱ ዋንጫዎች ውስጥ አንጎላ 16፣ ኮንጎ 4፣ ቱኒዚያ 3፣ አይቮሪ ኮስት 2፣ ናይጄሪያ 1 ወስደዋል። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ዋንጫውን ያነሡት አገሮች አምስት ብቻ ናቸው። ይህ አኃዝ በራሱ የሚናገረው አለ፤ ድል እንደ ዝናብ በሁሉ ላይ እኩል የሚወርድ ነገር አይደለም፤ ማጠራቀሚያ ባዘጋጀ ዘንድ ይከማቻል።

ቱኒዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች በ1974 እና በ1976 አገኘች፤ በ1975 በሶቪየት ኅብረት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮናም በሴቶች ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ተሳታፊ ሆነች። ቀጥሎ የመጣው የኮንጎ ብራዛቪል ዘመን ነው። የኮንጎ ሴቶች ከ1979 እስከ 1985 አራት ዋንጫዎችን በተከታታይ አነሡ። በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ የአፍሪካ ተወካይ ሆነው ቢሰለፉም አምስቱንም ግጥሚያዎች ተሸንፈው ከስድስት ቡድኖች ስድስተኛ ሆኑ። ይህን ሽንፈት እንደ ውርደት የሚቈጥር ሰው ካለ ነገሩን መመርመር ይኖርበታል። የገጠሟቸው ሶቪየት ኅብረት፣ ዩጎዝላቪያ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ሀንጋሪና ቼኮዝሎቫኪያ ነበሩ፤ ከነዚህ የበረቱ ቡድኖች በዚያ ዘመን አልነበሩም። የኮንጎ ቡድን ያጣው ነገር ከሞስኮ በኋላ የታየው ነው። ከ1985 ወዲህ ዋንጫውን ዳግመኛ አላነሣችም። ያ ወርቃማ ትውልድ ሲያረጅ ተተኪው በእኩል ብርታት አልተገኘም። አንድ ትውልድ ዋንጫ ሊያመጣ ይችላል፤ ዋንጫውን በቤት የሚያቆየው ግን ተከታዩ ትውልድ ነው።

አንጎላ የተለየ መንገድ ተጓዘች። በ1975 ኖቬምበር 11 ቀን ከፖርቱጋል ነጻ ስትወጣ ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ጦርነቱም እስከ 2002 ድረስ ዘለቀ። የሴቶች ቡድኗ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ በ1989 ሲያነሣ ሰላም ለመውረድ ገና 13 ዓመታት ይቀሩ ነበር። ከ1998 እስከ 2012 ደግሞ ስምንት ተከታታይ ሻምፒዮናዎችን አሸነፈ። በ2014 ቱኒዚያ ሰንሰለቱን ብትበጥሰውም አንጎላ በ2016 ተመልሳ በ2018፣ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 አከታትላ ዋንጫውን ወሰደች። በኦሊምፒክም ከ1996 የአትላንታ ውድድር ጀምሮ እስከ 2024 የፓሪስ ውድድር ድረስ ስምንቱንም ሳታቋርጥ ተሳትፋለች። በ2007 በፈረንሳይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሰባተኛ ወጣች። በ2016 በሪዮ ደ ጃኔሮ ሮማኒያን 23 ለ19፣ ሞንቴኔግሮን 27 ለ25 አሸንፋ ወደ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች፤ ያሸነፈቻትም በመጨረሻ የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደችው ሩሲያ ነበረች። በዚያ ውድድር የአንጎላ ግብ ጠባቂ ቴሬዛ አልሜይዳ በሰውነቷ ግዙፍነት ከብዙዎቹ ተጫዋቾች የተለየች ብትሆንም በብቃቷ የተመልካቹን አድናቆት አትርፋለች። ይህም ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። ረጅሟ ከኋላ መስመር ትወረውራለች፤ ፈጣኗና ቀጭኗ በክንፍ ትሮጣለች፤ ደንዳናዋ በ6 ሜትሩ መስመር ላይ ተከላካዮችን ትገፋለች፤ ሰፊዋ ጎሉን ትዘጋለች። በእጅ ኳስ ለእያንዳንዷ ልጅ ስፍራ አለ።

የአንጎላ ምሥጢር ምንድን ነው? የሚታየውን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛ፣ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወቱባቸው ክለቦች አሉ። በሉዋንዳ ከሁሉ የበረቱት ሁለቱ ክለቦች ፔትሮና ፕሪሜይሮ ደ አጎስቶ ናቸው። ፔትሮ ከመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ ጋር፣ ፕሪሜይሮ ደ አጎስቶ ደግሞ ከጦር ሠራዊቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ለኢትዮጵያ የስፖርት ሰዎች እንግዳ አይሆንም፤ የመከላከያ፣ የፖሊስና የባንክ ክለቦች አሠራርም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ክለቦች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ በመሆናቸው ተጫዋቾቹ ጠንካራ ግጥሚያ ለማግኘት የብሔራዊ ቡድኑን ጥሪ አይጠብቁም። ሦስተኛ፣ ቡድኑ ቢሸነፍም ከውድድር አልቀረም። በ1996 በኦሊምፒክ የተሰለፈው ቡድንና በ2016 ሮማኒያን ያሸነፈው ቡድን ያው አይደለም፤ ነገር ግን በመካከላቸው የተቋረጠ ዓመት የለም። ትልልቆቹ ለታናናሾቹ ልምዳቸውን በሜዳ ላይ አስረከቡ። ኮንጎ ያጣችውና አንጎላ የያዘችው ይህን መተካካት ነው።

«አንጎላ ነዳጅ አላት» የሚል መልስ ሊሰነዘር ይችላል። እርግጥ ነው፤ ገንዘብ አይናቅም። ይሁንና ነዳጅ ካላቸው ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ብዙዎቹ በዚህ የዋንጫ መዝገብ ላይ አይታዩም። ደቡብ ኮሪያንም መመልከት ይቻላል። የእጅ ኳስ በዚያ አገር ከእግር ኳስና ከቤዝቦል ጋር ሲነጻጸር ተመልካቹ ጥቂት ነው። ቢሆንም የኮሪያ ሴቶች በ1984 የኦሊምፒክ የብር፣ በ1988 እና በ1992 የወርቅ ሜዳሊያ አገኙ፤ በ1995 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ2004 በአቴና ከዴንማርክ ጋር ያደረጉት የፍጻሜ ግጥሚያ በመደበኛውም በተጨማሪውም ሰዓት አልለይ ብሎ በ7 ሜትር ውርወራ ተለየ። በአውሮፓ ቡድኖች ተይዞ በኖረው የሜዳሊያ ስፍራ አንዲት የእስያ አገር በፍጥነትና በኅብረት ተለማምዳ ገባችበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ተመልካች የሌለው ስፖርት እንኳ የሚያስብለት ሰው ካገኘ ፍሬ ማፍራቱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እውነቱ በግልጽ መነገር አለበት። የኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ የእጅ ኳስ ቡድን በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሊምፒክ ተሰልፎ አያውቅም። በአፍሪካ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ካገኙት አገሮች ዝርዝር ውስጥም የኢትዮጵያ ስም የለም። ይህ ለማዘን ሳይሆን ለማሰብ የሚበቃ ነገር ነው። ምክንያቱ የኢትዮጵያ ሴቶች በስፖርት ደካማ መሆናቸው እንዳይደለ ዓለም ያውቃል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ በማራቶን ወርቅ አጥልቀዋል። በቡድን ስፖርትም ቢሆን የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ ወጥቷል፤ በ2012 በኢኳቶሪያል ጊኒም ተሳትፏል። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ወደዚያ የፍጻሜ ውድድር ሳይመለስ ቆየ። አራተኛነቱ ችሎታ መኖሩን ይመሰክራል፤ መቅረቱ ደግሞ መተካካት መጓደሉን። የኮንጎ ታሪክ እዚህም በሌላ መልክ ተደግሟል።

ሩጫና የቡድን ጨዋታ የሚለያዩበት አንድ ነጥብ አለ። ሯጭ መንገድና ኮረብታ ካላት ብቻዋን ልትጀምር ትችላለች። የእጅ ኳስ ተጫዋች ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሌሎች ዐሥራ ሦስት ልጆች፣ ኳስ፣ ጎልና የሚያሰባስብ ሰው ያስፈልጋታል። የሚያሰባስበው ሰው ደግሞ በብዙ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ወይም መምህርቷ ነው። ስለዚህ የብሔራዊ ቡድን ጥያቄ በመጨረሻ የሚያርፈው በዚህ ጉባኤ አባላት ጫንቃ ላይ ነው።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ፣ የዘቢዳር ተራራ በመካከላቸው የቆመባቸው ከተሞች ናቸው። ሁለቱም የገበያና የመንገድ ከተሞች ሲሆኑ፣ ወጣቶቻቸው ገና በልጅነታቸው ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የለመዱ ናቸው። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። በስፖርት ረገድ የወልቂጤ ስም በአገር ደረጃ የታወቀው ግን ይበልጡን በወንዶች እግር ኳስ ነው፤ ወልቂጤ ከተማ በ2019 ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲገባ የከተማው ደስታ ታላቅ ነበር። ያ ደስታ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን የከተማው እኩሌታ የሆኑት ልጃገረዶች በተመልካችነት ብቻ የሚካፈሉት ደስታ ሆኖ ሊቀር አይገባም። በዚያው ክልል በምትገኘው በዱራሜ ያደገችው ሎዛ አበራ ለብሔራዊው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ግብ አግቢ ሆና፣ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ክለብ ተጫውታለች። ከትንሽ ከተማ ወደ ዓለም የሚያወጣ መንገድ መኖሩን ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምስክር አያስፈልግም።

የጉራጌ ሕዝብ ታሪክ ራሱ ለዚህ ነገር ሁለት ምስክሮች ያቀርባል። አንደኛዋ የቃቄ ወርድወት ናት። በ19ኛው ምእተ ዓመት የኖረችው ይህች ሴት፣ ሴት የምትወደውን ታገባ ዘንድ፣ ባልም በላይዋ ሌላ እንዳያመጣባት፣ ትዳሯን ለመፍታትም መብት እንዲኖራት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ተሟግታለች፤ ታሪኳም በኋላ በብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ በቅቷል። ሴት በአደባባይ ልትታይ አይገባም የሚል ሰው ቢነሣ መልሱን ከባዕድ አገር መፈለግ አያሻም። ሁለተኛው ምስክር መንገዱ ነው። በ1960ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች በየሥራ መስካቸው ካገኙት ገንዘብ አዋጥተው አገራቸውን በመንገድ ለማገናኘት ማኅበር አቁመዋል፤ በቡታጅራ በኩል የሚያልፈው የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድም የተመሠረተው በሕዝብ መዋጮና ጥረት ነው። ተራራ ቈፍሮ መንገድ ያወጣ መዋጮ አንድ የእጅ ኳስ ሜዳ መደልደል አያቅተውም።

ሜዳው ምን ያህል ስፍራ ይፈልጋል? 40 በ20 ሲባዛ 800 ካሬ ሜትር ነው። 105 በ68 የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ በስፋቱ ብቻ ቢሰላ ስምንት የእጅ ኳስ ሜዳዎች የሚይዝ ቦታ ነው። ለግቢው ጠባብነት ለሚያማርር ትምህርት ቤት ይህ ስሌት መልስ ይሰጣል። ለጎል የሚሆነው ባሕር ዛፍ በአካባቢው ሞልቷል፤ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ይበቃል፤ እንዳይወድቅና ልጅ እንዳይጎዳ ግን በጥልቅ ተቀብሮ መጽናት አለበት። የ6 ሜትሩን መስመር ለማስመር ገመድ፣ ችካልና ኖራ ብቻ ያስፈልጋሉ፤ ከእያንዳንዱ የጎል ቋሚ 6 ሜትር ገመድ እየተወጠረ ሩብ ክብ ይሰመራል፤ ሁለቱ ሩቦች በ3 ሜትር ቀጥታ መስመር ይገናኛሉ። የሜዳው አፈር በደንብ ተደልድሎ የተጠቀጠቀ ይሁን፤ ሹል ጠጠርና ቀይ አሸዋ የወደቀችን ልጅ ጉልበት ይልጣል፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተላጠች ልጅ ደግሞ በማግሥቱ ላትመለስ ትችላለች።

የተማሪዎች ብዛትም መሰናክል መሆኑ የታወቀ ነው። በአንድ ክፍል ስድሳ ልጆች ባሉበት ዐሥራ አራቱን አጫውቶ አርባ ስድስቱን ማስቆም ትምህርት አይባልም። ለዚህ የተበጀው መላ ለታዳጊዎች የሚሆነው አነስተኛው የእጅ ኳስ ነው። በዚህ ጨዋታ በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂን ጨምሮ አምስት ልጆች ይሰለፋሉ፤ ሜዳውም በግምት 20 በ13 ሜትር ነው። አንዱ ሙሉ ሜዳ በወርዱ ለሦስት ሲከፈል ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ይወጡታል፤ በአንድ ጊዜም ሠላሳ ልጃገረዶች ይጫወታሉ። ስድሳዎቹ በሁለት ፈረቃ ያለቃሉ ማለት ነው። ኳሱ ከእጃቸው ጋር የሚመጣጠን ይሁን፤ ለታዳጊዎቹ ዙሪያው ከ50 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልልቆቹ ሴቶች ከ54 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር የሆነው የተመደበ ነው። ለጀማሪዎች በጥንቃቄ የተሰፋ የጨርቅ ኳስ እንኳ መቀባበልንና መያዝን ያስተምራል።

የቀሩት ሁለት መሰናክሎች ከሜዳው ይልቅ ይከብዳሉ። አንደኛው የልጃገረዷ ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ፣ ማጀትና ገበያ ይጠብቋታል፤ እንሰት በሚፋቅበት ወቅት ደግሞ እናት የሴት ልጇን እጅ ትፈልጋለች። ከትምህርት በኋላ በተያዘ ልምምድ ላይ በመቅረቷ የምትቀጣ ልጅ ስንፍናዋን ሳይሆን ታዛዥነቷን ተቀጣች ማለት ነው። ስለዚህ የልጃገረዶች ልምምድ በተቻለ መጠን በትምህርት ሰዓት ውስጥና በዕረፍት ጊዜ ይሁን፤ ቀኑም ከእናቶች ጋር ተመክሮበት ይወሰን። እንሰት ሲፋቅ ሴቶች ተሰባስበው፣ አንዷ ስትፍቅ ሌላዋ እየጨመቀች፣ ሥራውን በኅብረት እንደሚወጡት የታወቀ ነው። የኅብረትን ጥቅም ለነዚህ እናቶች ማስረዳት ከባድ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ቀርቦ ማነጋገር ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ልብስ ነው። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ክርስቲያንና ሙስሊም ቤተሰቦች ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው በአጭር ቁምጣ በአደባባይ እንዲታዩ የማይፈቅዱም በሁለቱም ወገን አሉ። የወላጆቹ አሳብ መከበር አለበት፤ ሕጉም ቢሆን አይከለክላቸውም። የኢራን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ2021 በስፔይን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ተጫዋቾቹ ፀጉራቸውን ተከናንበው፣ እጅና እግራቸውንም ሸፍነው ነበር። በዚያው ዓመት የኖርዌይ ሴቶች በባሕር ዳርቻ የእጅ ኳስ ውድድር ላይ በሕግ ከታዘዘው ጠባብ ልብስ ይልቅ ቁምጣ ለብሰው በመገኘታቸው መቀጮ ቢጣልባቸውም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንቡን ለውጧል። በአንድ ዓመት ከሁለት አቅጣጫ የተገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሴቷ የምትለብሰው እርሷና ቤተሰቧ የሚስማሙበት ይሁን፤ ልብስ ከሜዳ ማስቀሪያ ምክንያት አይሁን።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

በመጨረሻ የዚህ ንግግር ርእስ ወደሆነው መዝገብ እንመለስ። ስለ አንጎላ ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ሊነገር የቻለው የተጻፈ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ግጥሚያ፣ እያንዳንዱ ውጤት፣ የተጫዋቾቹ ስም ተመዝግቧል። በየከተማችን የሚደረጉ የልጃገረዶች ጨዋታዎች ግን አቧራቸው ሳይሰክን ይረሳሉ። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን ግብ እንዳገባች፣ ባለፈው ዓመት ጎበዝ የነበረችው ልጅ ዘንድሮ ለምን እንዳልመጣች የሚጠይቅ ደብተር የለም። ልጅቷ በ9ኛ ክፍል ጀምራ በ10ኛው ብትጠፋ፣ ጠፋች ብሎ የሚያስተውላት የሚኖረው ስሟ በአንድ ስፍራ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው። አግብታ ይሁን፣ አዲስ አበባ ሄዳ ይሁን፣ ታማ ይሁን የሚታወቀውም ስሟን አንሥቶ የሚጠይቅ መምህር ሲኖር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በወልቂጤና በቡታጅራ በሚገኝ በያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የእጅ ኳስ ሜዳ ይደልደል። ልጃገረዶቹ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ይጫወቱ። በየትምህርት ቤቱ የሚመረጡት ቡድኖች በከተማቸው ይጋጠሙ፤ ያሸነፉትም በዓመት አንድ ጊዜ ዘቢዳርን ዞረው በሁለተኛዋ ከተማ ይገናኙ፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ እንግዶቹ አስተናጋጅ ይሁኑ። በሉዋንዳ ሁለት ክለቦች እየተፎካከሩ አንድ ብሔራዊ ቡድን እንዳሳደጉ ሁሉ፣ ሁለት ከተሞችም ተፎካክረው ለአንድ ክልል ቡድን መሠረት ሊጥሉ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ደብተር ይከፈት። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ውጤቱ፣ የተጫዋቾቹ ስምና ክፍል፣ ያቋረጡትም ያቋረጡበት ምክንያት ይጻፍ። ደብተሩ መምህሩ ሲዛወር ከመምህሩ ጋር አይሂድ፤ ለሚተካው ይረከብ።

የኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ የእጅ ኳስ ቡድን አንድ ቀን በአፍሪካ ሻምፒዮና የሜዳሊያ ሰገነት ላይ ይቆም እንደሆነ ዛሬ መተንበይ አይቻልም። ይሁን እንጂ ያ ቀን ቢመጣ የሚነበበው ታሪክ ከዚያ ቀን አይጀምርም። የሚጀምረው ባሕር ዛፍ ቆርጦ ጎል ካቆመ፣ በገመድና በኖራ መስመር ካሰመረ፣ በአንድ ተራ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይም የዐሥራ አራት ልጃገረዶችን ስም ከጻፈ መምህር ነው። ያ ብሔራዊ ቡድን ፈጽሞ ባይመጣ እንኳ፣ ዐሥራ አራቱ ልጆች ዳር ቆሞ ከማየት ወደ ሜዳ ገብተዋል፤ ይህም ለአንድ የትምህርት ዓመት በቂ ውጤት ነው።